በደጋው ብርድ ያሳበብኩት ወባ

ትኩሳት ለቅቋችሁ መሳቢያ ውስጥ ክኒን ያስተረፋችሁ ካላችሁ፣ አውጥታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡና ይህን አንብቡልኝ። ስሜ አስቴር ነው፤ የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። ኅዳር ላይ ወባ ያዘኝ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሕክምና ነበር፤ እኔ ግን ከገና ማዶ አሻገርኩት። አሁን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቅዳሜ ዳገት እወጣለሁ። የምጽፈው ግን ስለ ትኩሳቱ ብቻ አይደለም። እኔ በሠራሁት ጥፋት ሌላ ሰው ተወቅሷል፤ እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።

በከተማችን የላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ግጥምም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፣ ያሳተመልኝም የለም። ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚመጣልኝ "ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው" የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ግጥሙን የምሠራው እየሄድኩ ነው። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፣ ደንበኛ አይመጣም። ቅዳሜ የእግሬ ቀን ነው።

የሚያስኬዱኝ ጋሼ ዳንሳ ናቸው፤ የሟች አባቴ ታናሽ ወንድም። ዶርዜ ተወልደው፣ በመንገድ ጥገና ሥራ አርጅተው፣ አሁን በጡረታ ሴቻ ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን የመኪና መንገድ ሲጠግኑ ኖረው የሚወዱት ግን የእግር መንገዱን ነው፤ መኪና ሳይገባ ሸማኔው ጥጥ ሊገዛ ይወርድበት፣ ገበያተኛው ይወጣበት የነበረውን ጠባብ ዱካ። አባቴ በሞተ ዓመት አንድ ማለዳ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ቤታችን መጡና እናቴን፣ "ይቺ ልጅ እንደታሰረች ፍየል ግቢውን ስትዞር ሣሩን ጨረሰችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኔ ስጪኝ" አሏት።

"ውሰዳት" አለች እናቴ። "ግን አብልተህ መልሳት። ከመንገድ የመጣች ቀን ድስቱን ነው የምትልሰው።"

የምንጀምረው ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲሳሳ ነው። መጀመሪያ ቅርብ ቅርቡን፤ ከሴቻ ቁልቁል በደኑ ውስጥ ወደ ምንጮቹ። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው ይታዘቡናል። ኅዳር ሲገባ መሬቱ ይጠነክራል። ያኔ በማለዳ ሚኒባስ እስከ ጨንቻ መገንጠያ ሄደን ዳገቱን በእግር እንይዛለን። ታች ሙዝና ማንጎ ነው። ስትወጡ ስትወጡ ሙዙ ይቀርና እንሰቱ ይጀምራል፤ አንገታችሁ ላይ ያለው ላብ ይቀዘቅዛል፤ የቀርከሃ አጥር ይመጣል፤ የታጨደ ገብስ የተሸከመች ሴት መንገድ ትለቅላችኋለች፣ ወይም እናንተ ትለቁላታላችሁ። ዞር ብላችሁ ካያችሁ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፤ ዐባያ የወተት ሻይ መልክ፣ ጫሞ ሰማያዊ። እዚያ ቁጭ ብለን ቆጯችንን በዳጣ በርበሬ እያጠቀስን እንበላለን። ስንጨርስ በመኪና መንገዱ በኩል ወጥተን በተገኘው መኪና እንመለሳለን።

የጋሼ ዳንሳ ሕግ አንድ ነው፤ ሐይቁ ዳርም ሆነ ጫካው ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ መገኘት የለም። ወላጆቻቸው ለገበያ ሲወርዱ ቆላ አያድሩም ነበር፤ የቆላ ንዳድ ስለሚፈሩ ቢመሽባቸው እንኳ ግማሽ ዳገት ወጥተው ነው የሚያድሩት። እሳቸው ራሳቸው ሠላሳ ዓመት አርባ ምንጭ አድረውም ዐሥር ሰዓት ሲሆን እግራቸው ይቸኩላል። ስስቅባቸው፣ "ሳቂ። ትንኟ ግን ሰዓት ታውቃለች" ይላሉ።

ኅዳር እንደገባ፣ ሰኞ ዕለት፣ ማመልከቻ እየተየብኩ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የኔ ጥርስ ይንገጫገጫል። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ ከትኩሳቱ በኋላ ላብ፤ አንሶላው ተጨምቆ የሚሰጣ ሆነ። ማክሰኞ ምንም የለብኝም። ረቡዕ በዚያው ሰዓት ተመለሰ።

የኛ ከተማ ሰው ወባን እንደ ጎረቤቱ አውቃታለሁ ይላል። እኔም እንደዚያው ነኝ። "ወባ ቢሆንማ ማክሰኞ ሥራ አልገባም ነበር" አልኩና ወባ መሆኑን ሰረዝኩት። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክም ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለኝ። የሰጡኝን መድኃኒት አምስት ቀን ዋጥኩ፤ ትኩሳቱ ግን አንድ ቀን እየዘለለ መምጣቱን አልተወም። ያን ሰሞን የሚያስፈራኝ ደህና የምሆንበት ቀን ነበር። ዛሬ ደህና ከሆንኩ ነገ ትኩሳቱ ይመጣል ማለት ነው።

በሳምንቱ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከላቦራቶሪው ወረቀት ይዞ የሚወጣውን ሁሉ ሰው፣ "ስንት ፕላስ ነው?" ይለዋል። ፕላስ ማለት ደም ውስጥ የታየው የወባ ተውሳክ ብዛት ነው፤ በመደመር ምልክት ይጽፉታል። አንድ ጎረምሳ "ሦስት" አለ፣ የክፍል ደረጃውን የሚናገር ነው የሚመስለው። አጠገቤ የነበሩት እናት ደግሞ ወረቀታቸውን አጥፈው፣ "የኔ አንድ ናት። ግን ብቻዋን የሁሉንም ሥራ ትሠራለች" አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ራሴን ይዤ ሳቅኩ። እኚያ ሴትዮ ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የገባልኝ የመጀመሪያ ምግብ እሱ ነበር።

ሁለት ፕላስ ሆንኩ። ወጣቱ ጤና መኮንን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የኔ ወባ ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ሲሞት ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘር አለው፣ እሱ ከሳምንታት በኋላ ነቅቶ ሰውየውን እንደ አዲስ ያሳምመዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ የሦስት ቀኑ ደም ውስጥ ላለው፣ የዐሥራ አራት ቀኑ ለተኛው።

"ሲሻልሽ እንዳታቆሚ" አለኝ። "ከምግብ ጋር ዋጪው። ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ግን ያኔውኑ አቁመሽ ነይ። አጎበርስ አላችሁ?"

"አለን" አለች እናቴ። እውነቷን ነው፤ ጓሮ ሰላጣው ላይ ተዘርግቷል።

በአራት ቀን ውስጥ ሰው ሆንኩ። በአምስተኛው ቀን ጾመ ነቢያት ገባ።

እናቴ በጾም አትቀልድም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ክኒኑን በዘጠኝ ሰዓት ከምግብ ጋር መዋጥ እችል ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም። ሁለት ቀን ሞከርኩት። ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ሽሮና ክኒን አንድ ላይ ሲገቡ አንጀቴ ታመሰ፣ አንዱን ቀን አስመለሰኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ዳገት ላይ ማስመለስ አልፈለግኩም። "ከጾሙ በኋላ እጨርሰዋለሁ" ብዬ የቀረውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ክፉ ነገር የሠራሁም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ጾሙን ባለማፍረሴ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ጾሙን አስቤ ካቆምኩት ይልቅ ድኛለሁ ብዬ ያቆምኩት ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜዎች ነበሩኝ፣ በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ይልቅ ደስ የሚሉ። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሆኗል፤ ማለዳ ስንደርስ ሣሩ ላይ ነጭ ጤዛ አለ፤ ከቤቶቹ አናት ጭስ በሣር ክዳኑ እየሾለከ ይወጣል። ጋሼ ዳንሳ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እሳቸው የድንጋዩን፣ የቦዩን፣ ዱካው ላይ የሞተውን ሰውዬ ታሪክ ያወራሉ፤ እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን በእግሬ ልክ ስንኝ እደረድርበታለሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ሐይቆቹ የሚታዩበት ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሳለን ነፋስ ተነሣ። ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ አገጬ።

"ምን ሆንሽ?" አሉ ጋሼ።

"በረደኝ።"

"ላብሽ ሳይደርቅ ነው ያስቀመጥኩሽ" አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉኝ። እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ። "ብርድ ብቻ ነው አይደል?"

ያ መንቀጥቀጥ የኅዳሩ መሆኑን ሰውነቴ ወዲያው ነው ያወቀው። ወባ ተመለሰ ካልኩ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ክኒኑ ነው። "ብርድ ብቻ ነው ጋሼ" አልኩ።

እስከ መኪና መንገዱ ደግፈው አደረሱኝ። አንድ ጭነት መኪና አስቁመው፣ ሹፌሩን ለምነው ጋቢና አስገቡኝ፤ እሳቸው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጡ። ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። ፊቴን ዳሰሰችና ወደሳቸው ዞረች።

"ዳንሳ፣ ያንተ እግር ብርድ ለምዷል። የልጄ አልለመደም። ከበሽታ የተነሣች ልጅ ጉም ውስጥ ይዘህ ስትዞር አባቷ ቢኖር ምን ይልህ ነበር?"

ጋሼ ዳንሳ ጋቢያቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። እኔ አልጋው ላይ ነበርኩ። ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።

እናቴ ጫማዬን አጥባ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለችው። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ አቀረበችልኝ፤ ሁሉንም ጠጣሁ። ትኩሳቱ አንድ ቀን እየዘለለ መጣ፤ ማስታገሻ እየዋጥኩ ሥራ ገባሁ። "ደረቴን ነው፣ ብርዱ ነው" እላለሁ። ጎረቤቱም ያምናል፤ ደጋ ወጥቶ ብርድ የመታው አንድ ዘመድ የሌለው ሰው የለም።

ቅዳሜ መጣ፣ ጋሼ ዳንሳ አልመጡም። በምትካቸው አንድ ባለባጃጅ ፌስታል አቀበለኝ፤ የጨንቻ ፖም ነው። በሁለተኛው ቅዳሜም አልመጡም፣ ማር ላኩ። ፖሙን መዋጥ አቃተኝ። ያን ሰሞን አንድ መስመር አልጻፍኩም። እንዳልሞት አልፈራሁም፤ የፈራሁት እኚህ ሰውዬ ዳግም በራችንን እንዳያንኳኩ ነው። እንዲያንኳኩ የሚያደርገውን ነገር ደግሞ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ያልቃል። በየቀኑ የሰውን ማመልከቻ በሚያምር አማርኛ እጽፋለሁ፣ የራሴን አንዲት ዐረፍተ ነገር ማውጣት አልቻልኩም።

ገና ሆነ። ዶሮው ተሠርቶ ሽታው አቅለሸለሸኝ። እናቴ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፤ በማግስቱ ምንም ሳትጠይቅ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች። ያው አግዳሚ፣ ያው ጥያቄ። አሁንም ሁለት ፕላስ።

ያው ጤና መኮንን ነበር። ካርዴን ገልብጦ አየ። "ቪቫክስ ነው፤ የተኛው ነው የተነሣው። ያኔ የሰጠሁሽን የዐሥራ አራት ቀን ጨርሰሽ ነበር?"

እናቴ ቀደመችኝ። "ጨርሳለች እንጂ። ልጄን እኔ አውቃታለሁ፤ የጀመረችውን አትተውም።"

ጤና መኮንኑ እስኪርቢቶውን ይዞ ይጠብቃል። "ጨርሳለች" ብሎ ሊጽፍ ነው። ያን ከጻፈ በጋሼ ዳንሳ ላይ የተባለው ሁሉ አብሮ የሚጻፍ መሰለኝ።

"አልጨረስኩም" አልኩ። "ስድስት ቀን ውጬ ተውኩት።"

አልተቆጣም። በጾም ወቅት ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረኝ፤ ሰዓቱን ማማከር ይቻል እንደነበረም። መድኃኒቱን እንደ አዲስ አዘዘልኝ። ወጥተን የግቢው ዛፍ ሥር ስንደርስ እናቴ ቆመች።

"ለጾሙ ብለሽ ነው?"

"ለጾሙ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።"

"ዳገቱ ላይ ሲያንቀጠቅጥሽ ወባ መሆኑን አውቀሻል?"

"አውቄያለሁ።"

"እኔ እኮ ለዚያ ሰውዬ የሞተ ወንድሙን ስም አንሥቼ ተናግሬዋለሁ" አለች። "የኔን ይቅርታ እኔ እጠይቃለሁ። ያንቺን ግን አልነግርልሽም፤ ራስሽ ትሄጃለሽ።" በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችንን ስለ ክኒኑ ጠየቀቻቸው። "የታመመች ልጅ ማን ጹሚ አላት?" ነው ያሏት። ከዚያ ጓሮ ወጥታ አጎበሩን ከሰላጣው ላይ አነሣችና አጥባ አልጋዬ ላይ ሰቀለችው።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ሲለቀኝ፣ ከሲቀላ በሚኒባስ ሴቻ ወጣሁ። ጋሼ ዳንሳ ግቢያቸው ውስጥ ለአጥር ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነበር። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ቶሎ ብለው የተቀመጡበትን በርጩማ ሰጡኝ።

"ለምን ወጣሽ? ነፋስ አለ።"

"ጋሼ፣ ብርድ አልነበረም" አልኩ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ክኒኑን፣ ሳጥኑን፣ ዳገቱ ላይ ያልኩትን ውሸት፣ እናቴ ስትናገር ዝም ማለቴን። ሲሰሙኝ ቀርከሃውን አላስቀመጡም።

"እኔ አባትሽ መቃብር ሄጄ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ልጅህን አሳመምኳት፣ ይቅር በለኝ ብዬው መጣሁ።"

ወዲያው ቀርከሃውን መሰንጠቅ ቀጠሉ።

"ስንት ቀን ቀረሽ?"

"ዐሥር።"

"ሂጂ ጨርሺ። ተቆጥቼ እንደሆነ ያኔ አይቼ እነግርሻለሁ።"

በዚያው ቀን ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ዳንሳ ናቸው። ገቡ፣ እናቴን ሰላም አሉ፣ ከማዕዱ ፊት ተቀመጡ። እራቴን ስበላ ያያሉ። ክኒኑን ስውጥ ያያሉ። "አፍሽን ክፈቺ" አሉኝ፣ እንደ በቅሎ ነጋዴ አጎንብሰው አዩና ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱም መጡ። በማግስቱም። እናቴ በሁለተኛው ቀን በር ድረስ ሸኝታቸው ብዙ ቆየች፤ ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም፣ ስትመለስ ግን ዓይኗን እየጠረገች ትስቅ ነበር። "ጥርሷን ሁሉ ቆጥሬ ጨረስኩ፣ አንድ የተበላ አለባት" ብለዋት ነው። ከኔ ጋር ግን ከ"አፍሽን ክፈቺ" ሌላ ቃል የለም። ዐሥሩንም ቀን እንደዚያው ነው።

እናንተም ክኒን ካላችሁ፣ አፍ የሚያስከፍታችሁ ሰው ፈልጉ። አስቂኝ ይመስላል፤ እኔን ያዳነኝ ግን እሱ ነው። ሆዳችሁን ካወከው ለጤና ባለሙያው ተናገሩ፣ ሰዓቱን ያስተካክልላችኋል። ጾም ካለባችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ብቻ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት።

የመጨረሻውን በዋጥኩ በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ማለዳ ጋሼ ዳንሳ መጥተው በር ላይ ቆሙ። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ ጫማዬን አወረደች። በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ሄድን፤ የሙዙን ማሳ ዝም ብለን አለፍን። ጉልበቴ ገና ነው፤ በየመቶ እርምጃው እቆማለሁ፣ እሳቸውም ወደኋላ ሳያዩ ይቆማሉ። ዱካው አብሮት ከሚሄደው ወንዝ ተነጥሎ ሽቅብ የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ ዞሩ።

"ጋሼ፣ አሁንም ተቆጥተዋል?" አልኩ።

"በጣም" አሉ። "ቂሜን እዚህ ድረስ ተሸክሜው መጥቻለሁ። ከዚህ በላይ ግን ዳገት ነው።"

አሉና መውጣት ጀመሩ። የድንጋዩን ታሪክ ከሩቅ ሆነው ሲጀምሩ ለመስማት እግሬን አፈጠንኩ።